በገመድ ለታሰረ ክንፍ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?

ግልጽ ደብዳቤ

ለአየር ክልል አጠቃቀም፣ ለታዳሽ ኃይል፣ ለምርምር ገንዘብና ለጉምሩክ ጉዳዮች ውሳኔ ለምትሰጡ የመንግሥት ኃላፊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በራሪ የነፋስ ተርባይን ለመሞከር ያቀረብነው ጥያቄ በቂ ምክንያት ሳይሰጠው ስለመዘጋቱ

ክቡራንና ክቡራት፣

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። እኛ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምናስተምር መምህራን፣ የወርክሾፕ ቴክኒሻኖችና የምህንድስና ተማሪዎች ነን። ከመሬት በገመድ ታስሮ ከፍ ብሎ በሚበር ክንፍ እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚመነጭ እናጠናለን። ባለፈው ወር አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ሁለት መስመር ናት። “ጥያቄያችሁ በሥራ ላይ ባለው አሠራር የማይሸፈን በመሆኑ ልናስተናግደው አንችልም” ትላለች። ከቢሮ ቢሮ ስንከተለው የከረምነው ፋይል በዚህችው ተዘጋ።

በዚህ ደብዳቤ የማንንም መሥሪያ ቤት ስም አንጠራም። ፋይላችን ያላንኳኳው በር የለም፤ ችግሩም የአንድ ሰው ክፋት አይደለም። አንዳንዶቻችሁ ወንበር ስባችሁ አስቀምጣችሁናል፣ ሰምታችሁናልም። ግን “እሺ” ወይም “እምቢ” ብሎ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚሰጥ ሰው እስካሁን አላገኘንም። ስለዚህ ነገሩን ሁላችሁም፣ ሕዝቡም ጭምር በአንድ ጊዜ እንዲያነበው ወሰንን።

ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በየቢሮው መጀመሪያ የምንጠየቀው ይህንኑ ነውና።

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። መሬት አካባቢ ነፋሱን ዛፉም ቤቱም ኮረብታውም ያደክሙታል። ከፍ ባሉ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል፣ ይረጋጋልም። የተለመደው ተርባይን እዚያ ለመድረስ የብረት ማማ ይፈልጋል። ማማው በረዘመ ቁጥር ብረቱም፣ መሠረቱም፣ ክሬኑም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1980 ማይልስ ሎይድ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሌላ መንገድ በስሌት አሳየ። ከተርባይን ምላጭ አብዛኛውን ኃይል የሚሰጠው አየሩን በፍጥነት የሚቀዝፈው የጫፉ ክፍል ነው። እንግዲያው ጫፉን ብቻ እናስቀር፣ ማማውን በገመድ እንተካው የሚል ነው ሐሳቡ። በገመድ የታሰረ ክንፍ ነፋሱን እያቋረጠ ሲበር፣ ባለበት ቆሞ ከሚጎተት ክንፍ እጅግ የበለጠ ኃይል ያወጣል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በየአቅጣጫው ሄዷል። አንዳንዶች ጄኔሬተሩን ክንፉ ላይ ሰቅለው ኤሌክትሪኩን በገመዱ ያወርዳሉ። ሌሎች ጄኔሬተሩን መሬት ላይ ይተዉታል። ካይት የሚባለው ከጨርቅ የተሠራ ክንፍ የስምንት ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ሲበር ገመዱን ይጎትታል፣ ገመዱ የተጠቀለለበትን ከበሮ ያሽከረክራል፣ ከበሮው ጄኔሬተሩን ያዞራል። ገመዱ ሲያልቅ ካይቱ ነፋስ እንዳይዝ ይደረግና ከተመረተው ኃይል ጥቂቱን በመጠቀም ይሰበሰባል። ከዚያ እንደገና ይለቀቃል። እኛ የመረጥነው ይህን ነው። ርካሽ ነው፣ ከላይ ከባድ ነገር የለውም፣ ቢወድቅም ጨርቅ ነው። ሦስተኛው ዓይነት በሂሊየም ጋዝ የሚንሳፈፍ ፊኛ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ቻይና ሐሚ በተባለ ቦታ ያበረረችው ኤስ1500 ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 40 ሜትር ነው። በውስጡ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሚያመነጩ 12 ተርባይኖች አሉት።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያውና ትልቁ የፈቃድ ጉዳይ ነው። የጠየቅነው ትንሽ ነገር ነበር። የነፋስ ካይት፣ በቀን ብርሃን፣ ከ120 ሜትር ያልበለጠ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የራቀ፣ ከመሬት በገመድ የታሰረ። ሞተር የለውም፣ ካሜራ የለውም። ገመዱ ሲረዝምም ሲያጥርም መሬት ላይ ያለው ሰው እጅ ላይ ነው። ፍሬን ተይዞ አንዷ መስመር ስትሳብ ካይቱ ነፋስ መያዙን ትቶ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ከነሥዕሉ አስገባን።

የተሰጠን ፎርም የድሮን ፎርም ነበር። “የአብራሪው የፈቃድ ቁጥር” የሚል ሣጥን አለው። “የባትሪ ዓይነት” ይላል። “የካሜራ ጥራት” ይላል። “የመነሻና የመድረሻ ቦታ” ይላል። መነሻውም መድረሻውም አንድ ካስማ ነው ብለን ብንጽፍ ፎርሙ ያልተሟላ ተባለና ተመለሰ። ባዶ ብንተወውም ያልተሟላ ተባለ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ራሷ አዝናልን ሌላ ፎርም ፈልጋ ነበር። ያገኘችው የአውሮፕላን ነው። እሱ ደግሞ የምዝገባ ቁጥርና የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። በገመድ ለታሰረ ነገር የተዘጋጀ ወረቀት በዚያ ቢሮ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ፋይሉ “ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል” የሚል ቃል እየተጻፈበት ዞረ። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ “እኛን አይመለከትም” ብሎ መለሰው።

የአየር ክልል ቀልድ እንዳልሆነ እናውቃለን። አገራችን ያለፈችበትንም እናውቃለን። ድሮን ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቃቄው ላይ ጠብ የለንም። በገመድ የታሰረ ክንፍ ለሚያልፍ ሄሊኮፕተር አደጋ ሊሆን እንደሚችል ከማንም በፊት የጻፍነው እኛው ነን። ለዚህም ነው ቦታውና ሰዓቱ ለአብራሪዎች አስቀድሞ ይነገር፣ ገመዱ ላይ የሚታይ ባንዲራ ይሰቀል፣ በስልክ የሚገኝ ተጠሪ ይኑር ያልነው። ቅሬታችን ደንቡ መጥበቁ ላይ አይደለም፤ ደንቡ አለመኖሩ ላይ ነው። ደንብ በሌለበት ደግሞ ማንም ኃላፊ ፊርማውን አውጥቶ ማስቀመጥ ይፈራል። በእነሱም አንፈርድም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ይኸው ጥያቄ መጣበት። አዲስ ሕግ እስኪጻፍ አልጠበቀም። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ለአውሮፕላን እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል ረጅም ግንባታ አስቀድመው ይታወቁ አለ። ጊዜያዊ ሙከራ በቀን ብርሃን፣ ከ499 ጫማ በታች፣ ማለትም ከ152 ሜትር ገደማ በታች ይሁን ብሎ ማሳወቂያ አወጣ። እኛ የጠየቅነው ከዚያም ያነሰ ነው። የስልክ ማማ ሲተከል ቁመቱ ይጠየቃል፣ መብራት ይደረግበታል፣ ይመዘገባል። በገመድ የታሰረ ነገርም በዚያው መንገድ ሊታይ ይችላል።

ይህ መዘግየት ምን እንዳሳጣን እንንገራችሁ። ሙከራው እንዲደረግ የመረጥነው ደጋ ላይ ያለ ገላጣ ሜዳ ነው። የቀበሌው ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሰሙን። አንድ ሽማግሌ ገመዱን በእጃቸው ይዘው ሳብ ሳብ አደረጉት። “ይቺ ክር ናት የምትይዘው?” አሉ። ትንሿን ጣት የማያክል የዚህ ዓይነት ገመድ መኪና እንደሚያነሳ ነገርናቸው። አላመኑም። የቴክኒሻናችንን ፒክአፕ ጎትተን አሳየናቸው። ከዚያ በኋላ እህሉ ከተነሳ እርሻው እስኪታረስ ድረስ ማሳቸውን ፈቀዱልን። ኪራይ አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ነገሩ ከሠራ መጀመሪያ የእነሱን የውሃ ፓምፕ እንድናይላቸው። ፓምፑ በናፍጣ ነው የሚሠራው፤ ናፍጣው በጄሪካን ከከተማ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴ አይመጣም። እህሉ ተነሳ። ጥር መጣ፣ ነፋሱም መጣ። ፈቃዱ ግን አልመጣም። ማሳው ታረሰ። ዘንድሮም እንደዚያው አለፈ። እነዚያን ገበሬዎች ቀና ብሎ ማየት ከብዶናል።

ሁለተኛው የጉምሩክ ነገር ነው፤ አናስረዝመውም። አውሮፓ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ባልደረባችን ያገለገለ የባሕር ላይ ካይት ገዝቶ ላከልን። ጨርቁና ገመዱ አንድ ላይ ሲታይ ፓራሹት ይመስላል። ከጸጥታ አካል ደብዳቤ አምጡ ተባልን። የጸጥታ አካሉ የበረራ ፈቃዱን አሳዩኝ አለ። የበረራ ፈቃድ ሰጪው ዕቃውን አቅርቡና ልየው አለ። ዕቃው ደግሞ ጉምሩክ መጋዘን ነው። እስከዚያው የመጋዘን ኪራዩ ይቆጥራል። የገመዱን ጉተታ የምንለካበት መሣሪያም አብሮ ተይዟል። ከደመወዛችን አዋጥተን የላክነው ገንዘብ ነው እንግዲህ። ትራንዚተሩ እንኳ ደክሞት የእኛን ስልክ ማንሳት ተወ።

ሦስተኛው የሚያንገበግበን የምርምር ገንዘቡ ምላሽ ነው። ማመልከቻችን የተመለሰው “ቴክኖሎጂው ያልበሰለና በውጭ አገር ተሞክሮ የከሸፈ ነው” በሚል ነው። አስተያየቱ ያነሳው ማካኒ የተባለውን የጉግል የበራሪ ክንፍ ኩባንያ ነው። እንግዲያው ስለ ማካኒ እንነጋገር፤ ታሪኩን ሳይደብቁ መናገር ለእኛም ይጠቅመናል።

ማካኒ እ.ኤ.አ. በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። ገና ሲጀምር ጉግል ገንዘብ አፈሰሰበት፤ በ2013 ጠቅልሎ ገዛው። የመጨረሻው ትልቅ ክንፉ ኤም600 ይባል ነበር። ከጫፍ ጫፍ 26 ሜትር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ኪው400 ክንፉ 28 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ ብዙም አያንስም ማለት ነው። ስምንት ጄኔሬተር ተሸክሞ 600 ኪሎ ዋት እንዲያመነጭ ነበር የታሰበው። በ2019 የነዳጅ ኩባንያው ሼል ገብቶበት ኖርዌይ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ከተንሳፋፊ መድረክ ላይ በረረ። በሙከራ ላይ የተከሰከሱ ክንፎችም ነበሩ። በየካቲት 2020 የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት እጁን አወጣ። ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ከታሰበው በላይ ረጅምና አደገኛ ሆነ አሉ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ ተዘጋ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሌላም እንጨምር። የኔዘርላንዱ አምፒክስ ፓወር በ2022 ከስሯል። በማሳቹሴትስ የተጀመረው አልታየሮስ አላስካ ላይ በ300 ሜትር ከፍታ በሂሊየም ፊኛ ኃይል አመነጫለሁ ብሎ ተነስቶ፣ በኋላ ፊኛውን ለቴሌኮም ሥራ አዞረው። ገምጋሚዎቹ እነዚህንም ቢጠቅሱ ኖሮ አንከራከርም ነበር።

ግን ማካኒ ሲዘጋ ያደረገውን ገምጋሚዎቹ አላነበቡም። የንድፍ ሰነዱን፣ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩን፣ የበረራ መረጃውን፣ የአደጋዎቹን ትንተና ጭምር ለዓለም ክፍት አድርጎ ለቀቀው። የፈጠራ መብቶቹን ሌሎች ቢጠቀሙባቸው እንደማይከስ ቃል ገባ። ከአሥር ዓመት በላይ የወጣበት ዕውቀት በነፃ ወጣ። ተማሪዎቻችን የሚማሩት ከዚያ ነው። ትልቅና ጠንካራ ክንፍ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን፣ ክብደቱ ሲጨምር ኃይሉ እንዴት እንደሚቀንስ እዚያው ተጽፏል። እኛ ትንሽ የጨርቅ ካይት የመረጥነው ይህን አንብበን ነው። የማካኒ መዘጋት እኛን የሚያስከለክል ማስረጃ ሆኖ መቅረቡ ስለዚህ ነው የሚቆጨን።

ደግሞስ የቀሩት የት ደረሱ? የጀርመኑ ስካይሴይልስ ሞሪሸስ ላይ ካይት ተክሏል። የኔዘርላንዱ ካይትፓወር በ2021 አሩባ ደሴት ላይ ከኔዘርላንድ ጦር ጋር ሞክሯል። በ2023 አየርላንድ ውስጥ ሜዮ በሚባለው ክፍለ አገር ለዚሁ ሙከራ ብቻ የተለየ ቦታ ተከፈተ። እዚያ የበረረው ካይት 60 ካሬ ሜትር ነው። የመሬቱ መሣሪያ በኮንቴይነር ይገባል። ኃይሉ ከባትሪ ጋር ተጣምሮ ይሠራል። ገና ናፍጣን አልተኩም። ገና ዋጋው አልወረደም። ግን እየሠሩ፣ እየወደቁ፣ እየተነሱ ነው።

አሁን ልብ በሉልን። ሞሪሸስም፣ አሩባም፣ ሜዮም፣ ኖርዌይም ያሉት ባሕር ጠለል ላይ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ኃይሉ በሩብ ያንሳል ማለት ነው። ካይቱ ለመነሳት የሚፈልገው ነፋስ ይጨምራል፣ የጨርቁ ስፋት መስተካከል አለበት። የሂሊየም ፊኛ ቢሆን የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። ይህን ሠርቶ የሚነግረን የሜዮ ወይም የአሩባ መሐንዲስ የለም፤ ጉዳዩ አይደለምና። የኢትዮጵያን ደጋ ነፋስ ለኢትዮጵያ ደጋ የሚለካው እዚሁ የሚኖር ሰው ነው።

“ያልበሰለ” የሚለውን ምክንያትም መቀበል አልቻልንም። የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ላልበሰለ ነገር ነው። የበሰለውንማ ገዝተን እናመጣዋለን፤ ስናመጣም ኖረናል። የአዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት፣ የአሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ሁሉም ከውጭ ተሠርተው የመጡ ናቸው። ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ምላጮች በእኛ መንገድ፣ በእኛ ኩርባ ተጎትተው ነው ኮረብታው ላይ የወጡት። በእነዚያ ፕሮጀክቶች እንኮራለን፤ ከተመራቂዎቻችን እዚያ የሚሠሩ አሉ። ግን ዕቃ ሲበላሽ የምንጠብቀው ከውጭ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ነገሩ ገና ጥሬ ሳለ ገብተን ብንማርበት ምን ነበረበት?

“ሕዳሴ አልቆ ይህ ለምን አስፈለገ?” ያሉንም አሉ። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ተደስተናል። ይሁንና ከምናመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ግድብ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል። በስምጥ ሸለቆውና በዙሪያው ባሉ ደጋዎች ደግሞ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ዋናው መስመር ያልደረሰባቸው ሰዎችም አሉ፤ ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን ገና መብራት አላገኘም። የእኛ ካይት ነገ ጠዋት ይህን ይፈታል አንልም። እንዲህ ብሎ ቃል የሚገባላችሁ ካለ አትመኑት። እኛ የምንለው በኮንቴይነር ተጭኖ አይሱዙ በሚገባበት መንገድ የሚሄድ ማመንጫ፣ ክሬንና የኮንክሪት መሠረት የማይፈልግ ማመንጫ፣ ለእኛ ዓይነት አገር መሞከር ይገባዋል ነው።

የሚያስፈራን ነገር የለም ማለታችንም አይደለም። የክረምት መብረቃችን ኃይለኛ ነው። እርጥብ ገመድ ሰማይ ላይ ዘርግቶ ነጎድጓድ መጠበቅ አይታሰብም፤ ሙከራው የበጋ ብቻ እንዲሆን የጠየቅነው ለዚህ ነው። በረዶ ጨርቁን ይበሳዋል። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ አሞሮችና ንስሮች የሚያልፉበት መንገድ ነው። ገመድ ለወፍ አይታይም። ከባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ባልደረቦቻችን ጋር ሆነን የወፎቹን መተላለፊያ ወራት እንድንመዘግብ ዕቅዳችን ውስጥ አስገብተናል። ይህ ገጽ በግምገማው አንድም ቃል አልተነሳም።

ሌላው የመረጃ ጉዳይ ነው። በመንግሥት ወጪ በየኮረብታው የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ተተክሏል። መረጃው ተሰብስቧል። ለተማሪዎቻችን ስንጠይቅ “ለጊዜው አይሰጥም” ነው መልሱ። እስከ መቼ እንደሆነ አይነገረንም። ያም ቢሆን ምሰሶዎቹ የሚለኩት ዝቅተኛውን ከፍታ ነው። ከ200 እስከ 400 ሜትር ያለውን ነፋስ ለማወቅ ያሰብነው በገመድ የታሰረ መለኪያ በማውጣት ነው። እሱም ያንኑ የሌለ ፈቃድ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ቅሬታችን ስለ ልጆቹ ነው። በወርክሾፓችን አንድ ከበሮ አለ። ቴክኒሻናችን ከውሃ ቧንቧ ቆርጦ በይዶ የሠራው ነው። ፍሬኑ ከወዳደቀ አይሱዙ የተፈታ ነው፤ ሸራው ተቀይሮለታል። ጄኔሬተሩ ያገለገለ የፋብሪካ ሞተር ነው። ገመዱ በከበሮው ላይ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይደራረብ የሚመራውን ጋሪ ተማሪዎች ራሳቸው ቀርጸውታል። የመጀመሪያው ጋሪ ጥርሱ ተበላ፤ ሁለተኛውን በነሐስ ቀየሩት፣ ሠራ። ከበሮው መሬት ላይ፣ ገመዱ በሰው እየተሳበ፣ አምፖል አብርቷል። እዚያ ድረስ ያደረሱት ልጆች ናቸው። ካይቱን የሚመራውን ሶፍትዌር የጻፈችው ተማሪ በኮምፒውተር ላይ ክንፉን በስምንት ቅርጽ ሙሉ ሌሊት ታበርረዋለች። ሰማይ ላይ አንድም ቀን አላየችውም። ለመመረቅ የግድ የተሞከረ ውጤት ስለሚያስፈልጋት ርዕሷን ወደ ሶላር ፓምፕ ቀየረች። ሶላር ፓምፕ ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን እሷ የመጣችበት አልነበረም። ከእሷ በፊት የነበረው ጎበዝ ልጅ አውሮፓ ሄዷል፤ እዚያ እየሠራ ያለው ይኸንኑ ነው። በሌላ አገር ሰማይ። እነዚህን ልጆች “ታገሡ” ማለት ሰልችቶናል።

ክቡራንና ክቡራት፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በገመድ ታስረው ለሚበሩ የምርምር መሣሪያዎች ማመልከቻ የሚቀበልና የሚወስን አንድ መሥሪያ ቤት በግልጽ ይሰየምልን። የትኛውም ይሁን፤ አንድ ይሁን። ሌሎቹ አስተያየታቸውን ለእሱ ይስጡ እንጂ እኛ ፋይል ተሸክመን አንዙር።

ቋሚ ደንብ እስኪወጣ ጊዜያዊ መመሪያ ይዘጋጅ። ከ150 ሜትር በታች፣ በቀን፣ በበጋ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከከተማ በራቀ ቦታ፣ ለአብራሪዎች በቅድሚያ ተነግሮ የሚደረግ ሙከራ በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ ይጻፍ። የጸጥታ ባለሙያ በቦታው ይገኝ ብትሉ በደስታ እንቀበላለን። መሣሪያውን ፈትሹት፣ ፍሬኑን እናንተው ያዙት።

በጉምሩክ የተያዘው ካይትና መለኪያ የምርምር ዕቃ መሆኑ በዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ተረጋግጦ ይለቀቅልን። የተከማቸው የመጋዘን ኪራይም ይታይልን።

የምርምር ገንዘብ ጥያቄያችን ዘርፉን በሚያውቁ ገምጋሚዎች እንደገና ይታይ። ውድቅ ከሆነም ምክንያቱ በዝርዝር ይጻፍልን፤ ከዝርዝሩ እንማራለን።

በሕዝብ ገንዘብ የተሰበሰበው የነፋስ መለኪያ መረጃ ለዩኒቨርሲቲዎች ክፍት ይሁን። የማይለቀቅ ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ ይነገረን።

የቀበሌው ገበሬዎች በሚቀጥለው ጊዜም እህሉ ሲነሳ ማሳቸውን እንደሚሰጡን ነግረውናል። ነፋሱ ከኅዳር ጀምሮ ይገባል። ስለዚህ ምላሻችሁ እስከ መስከረም መጨረሻ እንዲደርሰን በትሕትና እንጠይቃለን። መልሱ እምቢታ ቢሆን እንኳ ከነምክንያቱ፣ ከነፊርማው በጽሑፍ ይድረሰን።

ከአክብሮት ጋር፣

በራሪ የነፋስ ኃይል ላይ የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የወርክሾፕ ቴክኒሻኖችና የምህንድስና ተማሪዎች

ግልባጭ፦
ለዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ዘርፍ
ማሳቸውን ለፈቀዱልን የቀበሌው ገበሬዎች